የጉልበት መርፌ፦ የስቴሮይድ ሕክምና ታሪክና ያስተማረን ቁም ነገር

መግቢያ

በአማርኛ «ጉልበት» የሚለው ቃል መገጣጠሚያውንም የሰውን አቅምም በአንድነት ይጠራል። በጉልበቱ ሠርቶ የሚያድር ሰው ጉልበቱን ሲያመው እንጀራውም አብሮ እንደሚታመም ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምስክር አያስፈልግም። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውል ሠራተኛ፣ ሸክም ተሸክማ ዳገት የምትወጣ ሴት፣ ለስግደት ተንበርክከው መነሣት የተሳናቸው አዛውንት ወደ ሕክምና ተቋማት የሚመጡት ተመሳሳይ አቤቱታ ይዘው ነው። ከእነዚህም መካከል ብዙዎቹ ኦስቲዮአርትራይተስ በተባለው ሕመም የተያዙ ናቸው። ይህ ሕመም የአጥንቶችን ጫፍ የሚሸፍነውን ልም አጥንት እያሳሳ፣ ከሥሩ ያለውን አጥንት እያደነደነ፣ የመገጣጠሚያውን ውስጠኛ ስስ ሽፋን አልፎ አልፎ እያስቆጣ በዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ ይሄዳል። ሂደቱን ወደ ኋላ የሚመልስ መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም።

ሕመሙን ለማስታገስ ከሚሰጡት ሕክምናዎች አንዱ ስቴሮይድ የተባለውን መድኃኒት በመርፌ በቀጥታ ወደ መገጣጠሚያው ማስገባት ነው። ዘዴው ከሰባ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ሁለት ጥያቄዎች ተለይተውት አያውቁም። አንደኛው «እፎይታው ለምን ያህል ጊዜ ይቆያል?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ለእፎይታው የሚከፈለው ዋጋ ምንድን ነው?» የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መርፌው ከየት ተነሥቶ እዚህ እንደደረሰ በአጭሩ መተረክና ለሁለቱ ጥያቄዎች ታሪኩ የሰጠውን መልስ ለባለሙያው ማቅረብ ነው። ከታሪኩ የምንረዳው ዋና ነገር መርፌው ፈውስ ሳይሆን የተወሰኑ ሳምንታት ስጦታ መሆኑን ነው። እነዚያን ሳምንታት ለምን እንደምንጠቀምባቸው የሚወስኑት ግን ሐኪሙና ታካሚው ናቸው።

በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን እንዲገነዘቡልን እንጠይቃለን።

ከወፍ በሽታ የተነሣ ጥርጣሬ

የጉልበቱ መርፌ ታሪክ የሚጀምረው ከጉልበት ሳይሆን ከጉበት ነው። በ1929 በአሜሪካ ሚኔሶታ ግዛት፣ ሮቼስተር ከተማ በሚገኘው ማዮ ክሊኒክ ይሠራ የነበረው ፊሊፕ ሄንች አንድ ያልተጠበቀ ነገር አስተዋለ። በሩማቶይድ አርትራይተስ ይሠቃይ የነበረ አንድ ታካሚ የወፍ በሽታ ሲይዘው የመገጣጠሚያው ሥቃይ ለቀቀው። እፎይታውም ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ከቆየበት ጊዜ አልፎ ለሳምንታት ዘለቀ። በተከታዮቹ ዓመታት ሄንች ተመሳሳይ ሁኔታ በሌሎች ታካሚዎች ላይ አየ። ሩማቶይድ አርትራይተስ ያለባቸው ሴቶችም ሲያረግዙ ሕመሙ ጋብ እንደሚልላቸውና ከወለዱ በኋላ እንደሚመለስባቸው ተገነዘበ።

በዚያ ዘመን ሩማቶይድ አርትራይተስ አንዴ ከጀመረ የማይመለስ፣ ምናልባትም በተሕዋስያን የሚመጣ ሕመም ተደርጎ ይታሰብ ነበር። የሄንች አስተውሎት ግን ሕመሙ ሊመለስ የሚችል መሆኑን የሚጠቁም ነበር። በወፍ በሽታም በእርግዝናም ጊዜ ሰውነት የሚያመነጨው አንድ የጋራ ነገር መኖር አለበት ብሎ አሰበና ምንነቱን ስላላወቀው «ንጥረ ነገር ኤክስ» አለው። በመጀመሪያ ፍንጩን የፈለገው ከሐሞት ዘንድ ነበር፤ የሐሞት ጨዎችን ለታካሚዎች ሰጥቶ ሞከረ፤ አልተሳካለትም።

በዚያው በማዮ ክሊኒክ ኤድዋርድ ኬንዳል የተባለ የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ከኩላሊት በላይ ከተቀመጠው አድሬናል ዕጢ ቅርፊት የሚገኙ ንጥረ ነገሮችን አንድ በአንድ እየለየ ነበር። ኬንዳል ቀደም ሲል በ1914 ታይሮክሲንን ከእንቅርት ዕጢ ለይቶ በማውጣት የታወቀ ሰው ነው። ከአድሬናል ያገኛቸውን ውህዶች በፊደላት ቅደም ተከተል ሰየማቸው። በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ ደግሞ ታዴዎስ ራይሽታይን ለብቻው ተመሳሳይ ሥራ ይሠራ ነበር። በ1941 ሄንችና ኬንዳል ተነጋግረው ከእነዚህ ውህዶች አንዱ የሆነውን «ውህድ ኢ» በሩማቶይድ አርትራይተስ ሕሙማን ላይ ለመሞከር ተስማሙ። ይሁን እንጂ ለአንድ ታካሚ እንኳ የሚበቃ መጠን አልነበረም። ንጥረ ነገሩን ከእንስሳት ዕጢ ማውጣት እጅግ አድካሚ ሲሆን የሚገኘውም ከመጠን ያነሰ ነበር።

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለምርምሩ ግፊት ሰጠው። የጀርመን አየር ኃይል አብራሪዎች የአድሬናል ንጥረ ነገር እየወሰዱ ነው የሚል ወሬ በመሰማቱ የአሜሪካ መንግሥት ለዘርፉ ትኩረት ሰጠ። ወሬው መሠረት ባይኖረውም ውጤቱ እውነተኛ ሆነ። በ1944 የመርክ ኩባንያ ኬሚስት ሉዊስ ሳሬት ከከብት ሐሞት ከሚገኝ አሲድ ተነሥቶ፣ ከሠላሳ የሚበልጡ ደረጃዎችን አልፎ ውህድ ኢን በቤተ ሙከራ ሠራው። ሄንች ከዓመታት በፊት ሐሞትን መጠርጠሩ፣ መንገዱ ሌላ ቢሆንም፣ ዞሮ ዞሮ ከሐሞት ጋር አገናኘው።

መስከረም 1948፦ ተስፋና ድንጋጤ

በመስከረም ወር 1948 በማዮ ክሊኒክ ሐኪሞች እንክብካቤ ሥር የነበረች አንዲት የ29 ዓመት ሴት ከአራት ዓመት በላይ ሩማቶይድ አርትራይተስ ይዟት ከአልጋ መነሣት ተስኗት ነበር። በሌሎች ሕክምናዎች አልተሻላትም፤ ሳይሻላትም ወደ ቤቷ መመለስ አልፈለገችም። ሄንችና ባልደረቦቹ ቻርልስ ስሎከምብና ሃዋርድ ፖሊ ከመርክ ኩባንያ ያገኙትን ውህድ ኢ በቀን 100 ሚሊግራም በጡንቻ ይወጓት ጀመር። በጥቂት ቀናት ውስጥ ድርቀቱ ለቀቃትና መራመድ ጀመረች፤ ሳምንት እንኳ ገና ሲሞላ ወጥታ ገበያ እስከ መሄድ ደረሰች። በሚያዝያ 1949 ውጤቱ ለባለሙያዎች ቀርቦ ታተመ። ከሕክምናው በፊትና በኋላ የተነሡትን የሕሙማን ተንቀሳቃሽ ፊልሞች ያዩ ሐኪሞች ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው። ውህዱም ኮርቲሶን ተባለ። በ1950 ሄንች፣ ኬንዳልና ራይሽታይን የኖቤልን የሕክምና ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። ከመጀመሪያዋ መርፌ እስከ ሽልማቱ የተቆጠሩት ሁለት ዓመታት ብቻ ናቸው።

የደስታው ዘመን ግን አጭር ነበር። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ሕመሙ ተመለሰ፤ አንዳንዴም ከቀድሞው ብሶ ተገኘ። መድኃኒቱ ሲቀጥል ደግሞ ፊት ያብጥና ክብ ይሆን ጀመር፤ የደም ግፊት ይጨምራል፣ አጥንት ይሳሳል፣ ጨጓራ ይቆስላል፣ አእምሮ ይታወካል፣ ተላላፊ በሽታም በቀላሉ ያጠቃል። ሄንችና ባልደረቦቹ ራሳቸው ስለ እነዚህ ጉዳቶች በ1950 ባወጡት ሰፊ ሪፖርት ባለሙያውን አስጠነቀቁ። በ1954 በብሪታንያ የወጣ አንድ ጥናት በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ባሉ የሩማቶይድ አርትራይተስ ሕሙማን ዘንድ ኮርቲሶንን ከአስፕሪን ጋር አነጻጽሮ የጎላ ልዩነት እንዳላገኘ አስታወቀ። በአንድ በኩል ከዚህ በፊት ታይቶ የማይታወቅ ብርቱ መድኃኒት ተገኝቷል፤ በሌላ በኩል መላ ሰውነትን ሳይጎዱ በእሱ መጠቀም አልተቻለም። ስለዚህ አንድ ቀላል ሐሳብ መነሣቱ አይቀሬ ነበር፦ የታመመው መገጣጠሚያ ከሆነ መድኃኒቱን ለመላ ሰውነት ከመስጠት ይልቅ ለመገጣጠሚያው ብቻ ቢሰጥስ?

የፊላደልፊያው ሐኪም

መገጣጠሚያን በመርፌ የማከም ሐሳብ በራሱ አዲስ አልነበረም። በ1930ዎቹ በብሪታንያ ላክቲክ አሲድ ወደ ጉልበት የማስገባት ሙከራ ይደረግ ነበር። ስቴሮይድን በዚህ መንገድ መስጠትን ወደ መደበኛ ሕክምናነት ያሸጋገረው ግን በፊላደልፊያ የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም የነበረው ጆሴፍ ሆላንደር ነው። ሆላንደር ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ሰው ነበር። ቀደም ሲል ከስቲቨን ሆርቫዝ ጋር ሆኖ በመገጣጠሚያ ውስጥ ያለውን ሙቀት የመለካት ዘዴ አጥንቶ በ1949 አሳትሟል። የተቆጣ መገጣጠሚያ ትኩስ ነውና ሆላንደር ብግነትን በእጅ ዳሰሳ ብቻ ሳይሆን በዲግሪ መከታተል ለምዶ ነበር።

በመጀመሪያ የተሞከረው ኮርቲሶን ነበር። በቀጥታ ወደ መገጣጠሚያው ሲገባ ግን ያስገኘው ውጤት ደካማ ሆነ። ቀጥሎ የኬንዳል «ውህድ ኤፍ» የነበረው ሃይድሮኮርቲሶን ሲሞከር ልዩነቱ ጎልቶ ታየ፤ እብጠቱ ጎደለ፣ ሥቃዩም ቀነሰ። ሆላንደርና ባልደረቦቹ ይህን ንጽጽር በ1951 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት አሳተሙት። የልዩነቱ ምክንያት ዛሬ በሚገባ ይታወቃል። ኮርቲሶን ራሱ ሥራ የሚሠራ መድኃኒት አይደለም፤ በተለይ በጉበት ውስጥ በሚገኝ ኢንዛይም ወደ ሃይድሮኮርቲሶን ሲለወጥ ነው ኃይል የሚያገኘው። በጡንቻ የተወጋው ኮርቲሶን በደም አማካይነት ጉበት ይደርሳል፤ በጉልበት ውስጥ የታገተው ግን ይህን ዕድል በበቂ አያገኝም። ስለዚህ ለመገጣጠሚያ የሚሆነው አስቀድሞ የተለወጠው ዓይነት ነው።

ዘዴው በፍጥነት ተስፋፋ። ለመስፋፋቱ አንዱ ምክንያት የመድኃኒቱ ዋጋ መውረድ ነው። በ1952 የአፕጆን ኩባንያ ተመራማሪዎች ፒተርሰንና መሬይ አንድ የሻጋታ ዓይነት ፕሮጄስትሮንን ወደ ኮርቲሶን ለማድረስ አስቸጋሪ የሆነውን የኬሚስትሪ ደረጃ በአንድ እርምጃ እንደሚፈጽም አስታወቁ። ፕሮጄስትሮኑም ከሜክሲኮ የዱር ሥራ ሥር በብዛት ይገኝ ነበር። ከከብት ሐሞት በግራም ተቆጥሮ ይወጣ የነበረው መድኃኒት በዚህ መንገድ በየክሊኒኩ መደርደሪያ ላይ ተገኘ። በአሥር ዓመት ውስጥ የሆላንደር ቡድን ብቻ ከ100,000 በላይ የመገጣጠሚያ መርፌዎችን መስጠቱን ሪፖርት አድርጓል።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ሆላንደር መርፌውን የሌላው ሕክምና ደጋፊ አድርጎ እንጂ በራሱ የቆመ ፈውስ አድርጎ አላቀረበውም። ዘዴው ከእጁ ወጥቶ በየአገሩ ሲሠራጭ ግን ይህ ማሳሰቢያ በየመንገዱ እየተንጠባጠበ ቀረ። ታካሚው «መርፌው አዳነኝ» አለ፤ ሐኪሙም ሲመለስ ደገመለት።

1958፦ ሁለት ጥያቄዎች በአንድ ዓመት

በ1958 በብሪታንያ ሁለት ጽሑፎች ታተሙ። ሁለቱም ዛሬ ድረስ የምንከራከርባቸውን ጉዳዮች አነሡ።

የመጀመሪያው የሚለር፣ የዋይትና የኖርተን ሥራ ነው። እነዚህ ሐኪሞች የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ ያለባቸውን ሕሙማን ከፋፍለው ለአንዳንዶቹ ሃይድሮኮርቲሶን፣ ለሌሎቹ ላክቲክ አሲድ ወይም የጨው ውሃ የመሳሰሉ ማነጻጸሪያዎችን በመስጠት ተከታተሏቸው። ከጊዜ በኋላ ሲመዘኑ ሃይድሮኮርቲሶን ከማስመሰያው ብልጫ እንዳለው ማሳየት አልተቻለም። ብዙ ሕሙማን የተሻላቸው የተወጉት ምንም ይሁን ምን ነበር። ይህም ማለት መወጋቱ ራሱ፣ የሐኪሙ እጅና የታካሚው ተስፋ ከመድኃኒቱ ጋር አብረው ይሠራሉ ማለት ነው። መርፌን ከክኒን አብልጦ በሚያከብር ሕዝብ መካከል ለምንሠራ ባለሙያዎች ይህ ግኝት ትልቅ ትርጉም አለው።

ሁለተኛው በሊድስ ከተማ የቻንድለርና የራይት ሥራ ነው። ተደጋጋሚ የሃይድሮኮርቲሶን መርፌ በወሰዱ ጉልበቶች ላይ የመፈራረስ ምልክት ማየታቸውን ዘገቡ። በ1959 ደግሞ ይኸው ቡድን ተደጋጋሚ መርፌ ከወሰደ በኋላ ሻርኮ የተባለውን፣ ስሜት የጠፋበትን መገጣጠሚያ በሚመስል አኳኋን የፈረሰ መገጣጠሚያ አቀረበ። የተሰጠው ማብራሪያ በቀላሉ የሚገባ ነበር። ሥቃይ ጠባቂ ነው፤ ጠባቂው ሲተኛ የታመመው መገጣጠሚያ ከአቅሙ በላይ ይጫናል። ሌላው ማብራሪያ መድኃኒቱ ራሱ ልም አጥንቱን ያዳክመዋል የሚል ነው። በ1966 ማንኪንና ኮንገር በጥንቸሎች ላይ ባደረጉት ጥናት ሃይድሮኮርቲሶን የልም አጥንትን የግንባታ ሥራ እንደሚያቀዘቅዝ አሳዩ። በ1977 ግን ጊብሰንና ባልደረቦቹ በጦጣዎች ላይ ባደረጉት ጥናት እንዲህ ያለ ጉልህ ጉዳት አላገኙም። የጥንቸሉ ጉልበት ለሰው ጉልበት ምን ያህል ምስክር ይሆናል የሚለው ክርክር ቀጠለ።

በዚህ መካከል ነው «በአንድ መገጣጠሚያ በዓመት ከሦስት ወይም ከአራት ጊዜ በላይ አትውጋ» የሚለው ልማድ በሐኪሞች ዘንድ ሥር የሰደደው። ልማዱ ጥንቃቄ የወለደው እንጂ በሙከራ ተለክቶ የተደነገገ ቁጥር አለመሆኑን ማወቅ ይገባል። ቁጥሩን ስንጠብቅ ታካሚውን የጠበቅን ይመስለናል፤ ታሪኩ ግን እንዲህ ያለ ዋስትና አልሰጠንም።

የሚቆይ መድኃኒት ፍለጋ

ሃይድሮኮርቲሶን በመገጣጠሚያ ውስጥ ብዙ አይቆይም ነበር። ስለዚህ የመድኃኒት ቀማሚዎች በውሃ ውስጥ በቀላሉ የማይሟሙ ዓይነቶችን መፈለግ ጀመሩ። ቀስ ብሎ የሚሟሟ ደቃቅ ቅንጣት በመገጣጠሚያው ውስጥ ተቀምጦ መድኃኒቱን ጥቂት በጥቂት ይለቃል። ዛሬ የምንጠቀምባቸው ሜቲልፕሬድኒሶሎን አሲቴት፣ ትራያምሲኖሎን አሲቶናይድና ትራያምሲኖሎን ሄክሳሲቶናይድ የዚህ ፍለጋ ውጤቶች ናቸው። ከእነዚህም ሄክሳሲቶናይድ ከሁሉም ይበልጥ በዝግታ የሚሟሟ ነው።

ይህም የራሱን ችግር ይዞ መጣ። አንዳንድ ታካሚዎች በተወጉ በሰዓታት ውስጥ ጉልበታቸው ከቀድሞው ብሶ ያብጥና ያማቸው ነበር፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ግን ይሻላቸዋል። በ1964 ማካርቲና ሆጋን ምክንያቱ የመድኃኒቱ ደቃቅ ክሪስታል ራሱ የሚያስነሣው ብግነት መሆኑን አሳዩ። ማካርቲ ከሆላንደር ጋር በ1961 የሪህ ሕመምን የሚያመጡትን የዩሬት ክሪስታሎች በመገጣጠሚያ ፈሳሽ ውስጥ የለየ ሰው ስለነበር ጉዳዩን ለማየት የሠለጠነ ዓይን ነበረው። ይህን ማወቅ ለታካሚው አስቀድሞ ለመንገርና በመርፌ የገባ ተሕዋስ ከሚያመጣው ብግነት ለመለየት ይጠቅማል። የክሪስታሉ ብግነት ቶሎ መጥቶ ቶሎ ይሄዳል። ከሁለት ቀን በላይ የሚዘልቅ ወይም ትኩሳት ያለው እብጠት ግን በፍጥነት ፈሳሹ ተቀድቶ መመርመር አለበት።

ከ1980 ጀምሮ መርማሪውም ታካሚውም ማን ምን እንደተሰጠው በማያውቁበት አሠራር የተካሄዱ ሙከራዎች ለመጀመሪያው ጥያቄ እየጠራ የሄደ መልስ ሰጡ። በዚያ ዓመት ፍሪድማንና ሙር ትራያምሲኖሎን ሄክሳሲቶናይድን ከማስመሰያ ጋር አነጻጽረው ብልጫው በመጀመሪያው ሳምንት እንደሚታይና ከዚያ በኋላ እንደሚደበዝዝ አገኙ። በ2015 በዩኒና ባልደረቦቹ የተሠራው የኮክሬን ግምገማ 1,767 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 27 ሙከራዎች አጠቃሎ ተመሳሳይ ሥዕል አሳየ። እፎይታው በመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ሳምንታት መካከለኛ ነው፤ ከአንድ ወር እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ያንሳል፤ በስድስተኛው ወር ከማስመሰያው አይለይም። ገምጋሚዎቹ የብዙዎቹ ሙከራዎች ጥራት ዝቅተኛ መሆኑንም አልሸሸጉም።

ሁለት የሁለት ዓመት ሙከራዎች

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ማለትም ልም አጥንቱ ይጎዳል ወይ የሚለው፣ በሰው ላይ በአግባቡ የተፈተነው ዘግይቶ ነው። በ2003 በካናዳ የሬይኖና የባልደረቦቹ ጥናት 68 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ ለአንደኛው ወገን 40 ሚሊግራም ትራያምሲኖሎን፣ ለሌላው የጨው ውሃ በየሦስት ወሩ እስከ ሁለት ዓመት ሰጠ። በራጅ ሲታይ በሁለቱ ወገኖች መካከል የመገጣጠሚያው ክፍተት መጥበብ ልዩነት አልነበረውም። ብዙ ሐኪሞች በዚህ እፎይ አሉ።

በ2017 ማክአሊንደንና ባልደረቦቹ በቦስተን ተመሳሳይ ሙከራ በ140 ሰዎች ላይ አደረጉ። መድኃኒቱ ያው፣ መጠኑ ያው፣ ጊዜውም ሁለት ዓመት ነው። የተለወጠው የመለኪያው መሣሪያ ነው፤ በራጅ ፈንታ ልም አጥንቱን ራሱን በሚያሳየው ኤምአርአይ ለኩ። ስቴሮይድ በወሰዱት ዘንድ የልም አጥንቱ ውፍረት በአማካይ 0.21 ሚሊሜትር ሲቀንስ በጨው ውሃው ወገን የቀነሰው 0.10 ሚሊሜትር ነበር። በሥቃይ መጠን ግን በሁለቱ መካከል የጎላ ልዩነት አልታየም።

ይህን ውጤት በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። ሥቃዩ የተለካው በየሦስት ወሩ ስለነበር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚገኘው እፎይታ ከመለኪያው ያመልጣል። የአንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ልዩነትም ታካሚው በኑሮው የሚሰማው ጉዳት ይሁን አይሁን ከዚህ ሙከራ አይታወቅም። ሆኖም የሙከራው ትምህርት ግልጽ ነው። ሕመም ኖረም አልኖረም በቀጠሮ፣ በየሦስት ወሩ፣ ለዓመታት መውጋት ለታካሚው የሚያስገኝለት ጥቅም አልተገኘም፤ ልም አጥንቱ ላይ ግን ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል። በ1958 በሊድስ የተነሣው ሥጋት ከስልሳ ዓመት ገደማ በኋላ ሙሉ በሙሉ ባይረጋገጥም ጨርሶ እንዳልተሳሳተ ታወቀ።

ከመርፌው በኋላ ያሉት ሳምንታት

በ2020 የታተመው የዴይልና የባልደረቦቹ ጥናት ለዚህ ታሪክ የሚገባውን ምዕራፍ ጨመረለት። በአሜሪካ ወታደራዊ ሆስፒታሎች 156 የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ ሕሙማን ለሁለት ተከፍለው አንደኛው ወገን የስቴሮይድ መርፌ፣ ሌላው የፊዚዮቴራፒ ሕክምና ተሰጠው። ከ0 እስከ 240 በሚቆጠረውና ከፍ ሲል ሕመምና የአቅም ማነስ መባባሱን በሚያመለክተው ዎማክ በተባለ መለኪያ ሁለቱም ወገኖች ሲጀምሩ ከ107 እስከ 109 ገደማ ነበሩ። ከአንድ ዓመት በኋላ የመርፌው ወገን ወደ 55.8፣ የፊዚዮቴራፒው ወገን ወደ 37.0 ወረደ። ሁለቱም ተሻላቸው፤ በእንቅስቃሴ የታከሙት ግን ይበልጥ ተሻላቸው።

ይህ ማለት መርፌው ይጣል ማለት አይደለም። የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ በ2019 ባወጣው መመሪያ ለጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ የስቴሮይድ መርፌን አጥብቆ ይመክራል፤ እንቅስቃሴንና ክብደት መቀነስንም እንዲሁ አጥብቆ ይመክራል። ሥቃይ ያሰረው ታካሚ የጭኑን ጡንቻ እንዲያጠነክር ቢነገረው አይችልም። መርፌው ሥቃዩን ለጥቂት ሳምንታት ሲያነሣለት መንቀሳቀስ የሚችልበት በር ይከፈትለታል። በሩ ክፍት ሳለ የጭን ጡንቻው ከጠነከረና ክብደቱ ከቀነሰ በሩ ሲዘጋ ታካሚው ከቀድሞው የተሻለ ቦታ ላይ ይገኛል። ምንም ሳይሠራ ከቆየ ግን ተመልሶ ሌላ መርፌ ከመጠየቅ በቀር ምርጫ አይኖረውም።

ወደ አገራችን ስንመለስ

ሰው ሠራሽ ጉልበት የመትከል ቀዶ ሕክምና በአገራችን የሚገኘው በጥቂት ሆስፒታሎች ብቻ ነው። ከዚህ የተነሣ መርፌው ባደጉት አገሮች ካለው ይልቅ በእኛ ዘንድ የሚበልጥ ሸክም ይወድቅበታል። ወደ ቀዶ ሕክምና የሚያሻግር ድልድይ መሆኑ ቀርቶ ራሱ መጨረሻ ይሆናል። ይህ እውነት ከሆነ መርፌውን የምንሰጥበት ጥንቃቄ ከሌላው መብለጥ እንጂ ማነስ የለበትም። ከታሪኩና ከዛሬው እውቀት የሚከተሉት ነጥቦች በተለይ ለእኛ ይጠቅማሉ።

አንደኛ፣ ያበጠ ጉልበት ሁሉ ኦስቲዮአርትራይተስ አይደለም። የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስ መገጣጠሚያን ሊያጠቃ፣ ለወራትም እንደ ተራ ቁርጥማት ሊታይ ይችላል። በተሕዋስ በተያዘ መገጣጠሚያ ውስጥ ስቴሮይድ መጨመር እሳት ላይ ጭድ እንደ መጣል ነው። ከመወጋቱ በፊት ፈሳሽ ካለ መቅዳት፣ መልኩን ማየትና አጠራጣሪ ከሆነ ወደ ላቦራቶሪ መላክ ይገባል።

ሁለተኛ፣ ታካሚው የሚወስዳቸውን ሌሎች መድኃኒቶች መጠየቅ የግድ ነው። ሪቶናቪር ያለበትን የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ትራያምሲኖሎንን ከሰውነቱ ለማስወገድ ይቸገራል። አንድ የጉልበት መርፌ እንኳ የፊት ማበጥንና የአድሬናል ዕጢን መዳከም ሊያስከትልበት እንደሚችል በተደጋጋሚ ተዘግቧል። የስኳር ሕሙማንም ከመርፌው በኋላ ለጥቂት ቀናት የደም ስኳራቸው ከፍ እንደሚል አውቀው እንዲከታተሉት ሊነገራቸው ይገባል።

ሦስተኛ፣ ንጽሕና ለድርድር አይቀርብም። በ2012 በአሜሪካ አንድ የመድኃኒት ቀማሚ ድርጅት ያሠራጨው በፈንገስ የተበከለ ሜቲልፕሬድኒሶሎን ከ750 የሚበልጡ ሰዎችን አሳምሞ ከ60 በላይ ሰዎችን ገደለ። ከታማሚዎቹ አብዛኞቹ በአከርካሪ አካባቢ የተወጉ ሲሆኑ በመገጣጠሚያቸው የተወጉም ነበሩባቸው። መርፌው ጥቃቅን ቢመስልም ወደማይደፈር ስፍራ የሚገባ መሆኑን ይህ አደጋ ያስታውሰናል።

አራተኛ፣ የጉልበት ተከላ ቀጠሮ ያለው ታካሚ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባሉት ሦስት ወራት ውስጥ ባይወጋ ይመረጣል፤ መርፌው በዚህ ጊዜ ሲሰጥ ተከላው በተሕዋስ የመበከል ዕድሉ እንደሚጨምር ጥናቶች አመልክተዋል።

አምስተኛው ቀላል ሆኖ በብዙ ቦታ የሚዘነጋ ነው። ታካሚዎች ከአንዱ ክሊኒክ ወደ ሌላው ሲዘዋወሩ የተወጉትን መድኃኒት ስም አያውቁትም። በታካሚው እጅ ላይ ቀኑን፣ የመድኃኒቱን ስምና መጠን፣ የተወጋውን ጉልበት ቀኝ ወይም ግራ መሆኑን የጻፍንበት አንዲት ካርድ ብትኖር የሚቀጥለው ሐኪም በጨለማ አይዳክርም።

ማጠቃለያ

ኮርቲሶን በ1948 አንዲትን ሴት ከአልጋ ሲያስነሣ ዓለም ፈውስ ያገኘ መሰለው። ብዙም ሳይቆይ ያገኘው እፎይታ መሆኑን ተረዳ። ሆላንደር በ1951 እፎይታውን ወደ አንድ መገጣጠሚያ ሰብስቦ ጉዳቱን አሳነሰው፤ ጊዜውን ግን ሊያረዝመው አልቻለም። ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ሙከራዎች ሁሉ የሚነግሩን ስለ ሳምንታት ነው። ሳምንታት ጥቂት አይደሉም። ሌሊቱን ተኝቶ ላላደረ፣ ሥራውን ለተወ፣ ከቤቱ ደጃፍ መውጣት ላቃተው ሰው አንድ ወር ያለ ሥቃይ ትልቅ ነገር ነው። ስጦታው ትልቅ የሚሆነው ግን ስሙን ስናውቅለት ነው።

ስለዚህ መርፌውን ከማንሣታችን በፊት ለታካሚው በሚገባው ቋንቋ እንንገረው፦ ይህ መድኃኒት ጉልበቱን አይጠግነውም፤ ለጥቂት ሳምንታት ሥቃዩን ያቀልለታል፤ በእነዚያ ሳምንታት የሚሠራው እንቅስቃሴ ከመርፌው ይልቅ ይዘልቅለታል። ይህን ለመናገር የሚወስደው ጊዜ መርፌውን ለመውጋት ከሚወስደው አይበልጥም። ሰባ ዓመት የፈጀው የዚህ ሕክምና ታሪክ የሚያሳየን ግን ብዙ ጊዜ የተረሳው መርፌው ሳይሆን ይህ ንግግር መሆኑን ነው።